መርጫው ከዞረ በኋላ

«ከማን ልጀምር?» አለች ስምረት በሹክሹክታ።

ሆዳን መጋረጃውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ወደ ሳሎኑ አጮለቀች። «ከአዴር ዐብዲሻኩር። እዚያ ጥግ የተቀመጠው፣ ጺሙን ሂና የተቀባው ሽማግሌ። የሂሻም አጎት ነው።»

«አሁን ይሻላል? እያወሩ እኮ ነው።»

«አቦ፣ ዙሪ አልኩሽ! ጊዜው አሁን ነው።»

ስምረት የብር መርጫውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም፣ ጫፉ የተበሳሳ ዕቃ ነው። የሆዳን አያት አየዮ ሃዎ ልጅ ሆነው ከየመኗ ኤደን ሲመጡ ይዘውት የመጡት ነው። ዕቃው የአየዮ ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ሽታ የስምረት ነው። የሆዳን ታላቅ እህት ኢዲል ለሂሻም ለምትጠየቅበት ለዛሬው የሽምግልና ቀን፣ እሷው መርጣ እሷው የቀመመችው የጽጌረዳ ውሃ። ትልልቅ ሰዎች ሲያሸቱት ፊታቸው እንዴት እንደሚፈካ ለማየት ከጠዋት ጀምሮ ስትቁነጠነጥ ነው የዋለችው።

መርጫውን ወዝወዝ አደረገችና ገባች።

ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ይዞ በተነጠፈው መጅሊስ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም «አዴር»፣ አጎቴ፣ የሚሏቸው ዐብዲሻኩር አንድ ነገር ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ይመስላሉ። የሆዳን አባት አቶ አብዱላሂ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ሶማሊኛው ፈጠን ስላለባት ስምረት «ጅቡቲ» የሚለውንና «መልሳችሁ» የሚለውን ብቻ ነው የያዘችው። አንገቷን ሰበር አድርጋ መርጫውን ወደ ሽማግሌው ዘረጋች።

አዴር መጀመሪያ መርጫውን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። ከዚያ አቶ አብዱላሂን ትክ ብለው አዩና መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ከፈቱ። ስምረት ረጨችላቸው። ሽማግሌው እጃቸውን አሻሽተው ጺማቸውን ዳበሱበት። ፊታቸው ግን እንኳን ሊፈካ ይብሱን ተቋጠረ። ምርኩዛቸውን አነሡ።

«ሀዬ» አሉ፤ እሷም እንድትሰማቸው ነው መሰል በአማርኛ። «መልሱ ደርሶናል።»

የቀሩትም ተከትለዋቸው ተነሡ። አቶ አብዱላሂ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ጫማ ሲፈለግ፣ የግቢው በር ሲከፈት፣ መኪና ሲነሣ ተሰማ። ስምረት ሙሉውን መርጫ እንዳቀፈች ሳሎኑ መሀል ቆማ ቀረች። አንድ ሰው እንኳ «ምን ይሸታል?» አላለም።

አየዮ ሃዎ ከሴቶቹ ክፍል ሻሻቸው እየተጎተተ መጡ። «ማነው ውሃውን ያዞረው? ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ስምረት።

«አላህ!» አየዮ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «በእኛ ቤት እንግዳን ሂድ አይሉትም፣ ነውር ነው። ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ነገሩ ሲያልቅ ይሄ ውሃ ይዞራል፤ እንግዳው ያሸትና በራሱ ጊዜ ይነሳል። ውሃ ከዞረ በኋላ መቀመጥ የለም! ሰውየው ልጅ ስጡን ብሎ አፉን ሳይዘጋ እኛ ውሃ ረጨንበት። ተነስ ውጣ አልነው!»

የስምረት ጆሮ ጋለ። «አየዮ፣ ወላሂ አላወቅኩም።»

«አንቺማ ከየት ታውቂ?» ቁጣቸው እሷ ላይ ሲደርስ ለስለስ አለ፤ እሷን ደግሞ የባሰ ያሳፈራት ይኸው ነው። «በዚህ ቤት የተወለደ ከጡት ጋር ጠብቶት ነው የሚያድገው። አንቺ የጎረቤት ልጅ ነሽ።» ወደ ሆዳን ዞሩ። «ናያ፣ አንቺ ልጅስ የት ነበርሽ?»

ሆዳን ወለሉን አየች። «ቆይ ብያት ነበር። አሁን አይደለም አልኳት፤ አልሰማችኝም።»

ስምረት ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ኢዲል በሩ ላይ ብቅ አለች። ለዛሬ የለበሰችውን አረንጓዴ ድራዕ ቀሚስ በእጇ ጭብጥ አድርጋዋለች። ስምረትን አየቻት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ተመልሳ ገባችና በሩን ዘጋች። ስምረት መርጫውን አየዮ እጅ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

በማግስቱ ቅዳሜ ስምረት ከቧንቧው አልጠፋ አለች። እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በሎሚ አሸች፣ እንደገና በሳሙና ታጠበች። ሽታው የለም። መቀመጥ ስትጀምር ደግሞ ይመጣል።

«ልትገሸልጪው ነው እንዴ?» አለች እናቷ ተሻለች ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። በይ አሁን ተቀመጪ፣ ፊቴ ላይ አትንቆራጠጪብኝ።»

ስምረት ክፍሏ ገባችና የብስኩት ቆርቆሮዋን ከአልጋው ሥር ሳበች። ሌላ ልጅ ብትሆን ፎቶ ትሰበስብ ይሆናል፤ ስምረት የምትሰበስበው ሽታ ነው። ያለቀባቸው የሽቶ ጠርሙሶች፣ ቀፊራ ገበያ የዘይት ሽቶ የምትሸጠው ናዲፋ የሰጠቻት ትንንሽ ብልቃጦች፣ በላስቲክ የታሰሩ የጥጥ ቁራጮች። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ሽቶ ሊገዛ አስቦ እሷን ያላማከረ የክፍል ጓደኛ የለም። ቫኒላ የበዛበት ሽቶ በድሬ ፀሐይ ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ እንደሚያፍን ታውቃለች። የሎሚ ሽታ ብቻውን ከሆነ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት እንኳ እንደማይደርስ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ የምትኮራበት አንድ ሕግ ነበራት፦ የመጀመሪያው ሽታ አይታመንም። ቆዳ ላይ ይረፍ፣ ፀሐይ ይንካው፣ ላብ ይቅመሰው፤ ከዚያ የሚቀረው ነው እውነተኛው።

ለኢዲልም እንደዚሁ ነው የመረጠችላት። ጠርሙስ ከፍታ «ይሄ ያምርብሻል» አላለቻትም። እኩለ ቀን ላይ ግቢው ጥላ ሥር አስቀምጣ አንዱን ጠብታ አንጓዋ ላይ፣ ሌላውን ክንዷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ እየተመላለሰች ስታሸታት ዋለች። ኢዲል «ናያ፣ በግ ልትገዢ ነው?» እያለች ትስቅ ነበር። የዑድ ዘይቱ ከበዳት፣ የምስክ ዘይቱ ሌላ ሰው አደረጋት። ጽጌረዳውና ሰንደሉ ግን ቆዳዋ ላይ ቤታቸው የገቡ መሰሉ። ስምረት በዚያው መሠረት ለመርጫው የጽጌረዳ ውሃ አዘጋጀች፤ ሰንደል ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ የሎሚ ልጣጭ ዘፈዘፈችበት። ዘይትና ውሃ ስለማይስማሙም ከእያንዳንዱ እጅ በፊት መርጫውን መወዝወዝ እንዳለባት ተለማመደች። ስለ ሽታው ያልጠየቀችው ነገር አልነበረም። የሚዞረው መቼ እንደሆነ ግን አልጠየቀችም፤ ሆዳን አጠገቧ ስላለች።

ይሄኔ ነው የአየዮ ቃል ዳግም ጆሮዋ ላይ የደወለው። በዚህ ቤት የተወለደ ከጡት ጋር ጠብቶት ነው የሚያድገው።

ሆዳን ታውቅ ነበር። ስምረት ቆርቆሮውን በእግሯ ገፋችውና ተነሣች፤ ወዲያው መልሳ ተቀመጠች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ናቸው። የተናደደችው በውሸቱ ነው ወይስ እንዲህ በቀላሉ በመታለሏ፣ ለራሷም አልለይ አላት።

ሰኞ ዕረፍት ሰዓት ላይ ሆዳንን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አገኘቻት። ሆዳን ልታልፋት ስትል ክንዷን ያዘቻት።

«አውቀሽ ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«አትቀልጂ። ዙሪ ያልሽኝ አውቀሽ ነው።»

ሆዳን ከመመለሷ በፊት የክፍላቸው ልጅ ሙልኪ እየሮጠች መጣች። «ስምሪ! ስምሪዬ! ወንድሜ ከጅግጅጋ ሽቶ አመጣልኝ፣ እስቲ አሽቺው፣ አናት ይበጥሳል የሚሉኝ እውነት ነው?» ክንዷን የስምረት አፍንጫ ላይ ደቀነችው።

«ይበጥሳል» አለች ስምረት ሳታሸት።

«ኧረ በደንብ አሽቺው!»

«ሙልኪ፣ በኋላ። በእናትሽ።»

ሙልኪ አኩርፋ ሄደች። ሆዳን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ያልተሠራው ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ወጥቷል።

«አዎ» አለች። «አውቄ ነው።»

ስምረት እስከዚያች ሰዓት ድረስ «ኧረ አይደለም» እንድትላት እየጠበቀች እንደነበር የገባት አሁን ነው። «ለምን? በእኔ እጅ ለምን?»

«እኔ ባዞረው ያውቁብኛላ። አንቺ አታውቂም፣ ማንም አይቆጣሽም አልኩ።» ሆዳን ጉልበቷን አቀፈች። «ሂሻም ሥራው ጅቡቲ ወደብ ነው። እነ አዴር ከሠርጉ በኋላ ወዲያው ይዘናት እንሂድ አሉ። አባቴ የነርስነት ትምህርቷን ትጨርስ ይላል፤ ግን አይችላቸውም፣ እሺ ሊል ነበር። በመጋረጃው እሰማው ነበር። እናቴ ስትሞት እኔ መራመድ አልቻልኩም ነበር፣ ስምሪ። እንደ እናት የሆነችኝ ኢዲል ናት። እሷ ከሄደች ፀጉሬን የሚሠራው ማነው? ከእኔ ጋር የሚተኛው ማነው?»

«ኢዲል ግን ትፈልገዋለች። ሂሻምን ትወደዋለች።»

«አውቃለሁ!» ሆዳን ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ከዓርብ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተቀይመው ሠርጉን የሚያቆዩት መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ‹በሽቶ ያባረረን ቤት አንመለስም› አሉ።»

«እንግዲያው ለአየዮ እውነቱን ንገሪያቸው።»

«አቦ፣ ካወቁማ ባሰ! አንቺ በስህተት ከሆነ ስህተት ነው፣ ያልፋል። የሙሽራዋ እህት አውቃ ከሆነ ቤቱ ራሱ ገፋን ይላሉ። ያኔ አለቀ።» ዓይኗን ወደ ስምረት አነሣች። «ስለዚህ ራሴ ነኝ የዞርኩት በይ። ሆዳን ቆይ ብላኝ ነበር በይ። እባክሽ።»

ደወሉ ተደወለ። ስምረት ክፍል ገብታ መምህሩ የሚጽፉትን ሁሉ ስትገለብጥ ዋለች፤ ምን እንደጻፈች ግን አላወቀችም። እውነቱን ብትናገር ስሟ ይጸዳል፣ የኢዲል ነገር ግን ያበቃለታል። ብትዋሽ ኢዲል ትድናለች፤ እሷ ግን ዕድሜ ልኳን «ቆይ» እየተባለች ያልሰማች ልጅ ሆና ትቀራለች።

ከትምህርት ቤት ወጥታ ብቻዋን ስትንከራተት ቆይታ ወደ ቤት ስትመለስ አየዮ ሃዎን ከእናቷ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አዲስ ሻሽ አስረዋል፤ ሆዳንም አጠገባቸው ቆማለች። ወደ አዴር ቤት ሊሄዱ ነው።

«ሽማግሌው አንድ ነገር ይሰማ ይሆናል» አሉ አየዮ። «ያጠፋው ልጅ በገዛ አፉ ሲናገር። ልጄ፣ ትመጫለሽ?»

ተሻለች ልጇን አየቻት። «እኔ አላስገድዳትም፣ አየዮ። ራሷ ትወስን።»

«እመጣለሁ» አለች ስምረት። ባጃጁ ጋ ሲደርሱ ወደ ሆዳን ጠጋ አለች። «አላወቅኩም እላለሁ፤ እሱ እውነት ነው። ‹ሆዳን ቆይ ብላኝ ነበር› ግን አልልም። እሱ ያንቺ ነው፣ እኔ አልሸከመውም።»

ሆዳን ራሷን ነቀነቀች። ባጃጁ የደረቀውን አሸዋማ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቀፊራ ሲታጠፍ፣ በሞተሩ ጩኸት መሀል፣ «ትናንት ለኢዲል ነገርኳት» አለች።

«ምን አለችሽ?»

«ምንም። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠራችኝና ፀጉሬን ሠራችልኝ።»

ስምረት ያኔ ነው ያየችው። ሹሩባው ከሻሹ ሥር ጥብቅ ብሎ ተሠርቷል።

የአዴር ዐብዲሻኩር ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀምጠዋል። የአየዮን ሰላምታ በአክብሮት መለሱና ስምረትን በዓይናቸው ለቀሟት። «ያባረረችኝ ይቺ ናት?»

ስምረት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። «እኔ ነኝ፣ አዴር። ውሃውን የቀመምኩት እኔ ነኝ፣ ያዞርኩትም እኔ ነኝ። ሽታ አውቃለሁ እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ የማስቸግር ልጅ ነኝ። ሲዞር ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አዴር ጺማቸውን አፍተለተሉ። ከዚያ፣ «ማንም ዙሪ ሳይልሽ ነው የዞርሽው?» አሉ።

ስምረት የፈራችው ይሄንን ነበር። «አዎ» ማለት ቀላል ነው፤ አንዲት ቃል ናት። ስምረት ምላሷ ላይ አመላለሰቻት፣ አልወጣ አለቻት።

«እሱን አይጠይቁኝ፣ አዴር።»

አየዮ ሃዎ ድንገት ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር ያገኙ ይመስል ሽቅብ ማየት ጀመሩ። አዴር ከስምረት ወደ ሆዳን፣ ከሆዳን ወደ አዲሱ ሹሩባዋ ተመለከቱ።

«አንቺ የኢዲል ታናሽ ነሽ?»

«አዎ» አለች ሆዳን። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«እህቴ የተዳረች ቀን» አሉ ሽማግሌው፣ ለማንም ሳይሆን ለበረንዳው፣ «የሙሽራውን መኪና ጎማ ያስተነፈስኩት እኔ ነኝ። አባቴ ይሄን ሳያውቅ ሞተ።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስምረት ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነባቸውና ውሃ መጣላቸው። «በይ ሃዎ፣ ወሬያችንን እንቀጥል። የት ላይ ነበር ያቋረጡን?»

ወሬው ግን የሚያልቅ አልሆነም። አቶ አብዱላሂ በስልክ ተጠሩና መጡ። ሂሻም ከጅቡቲ ተደወለለት። ምሳሌ ተመሰለ፣ ተሳቀ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ ተመልሶ ዝቅ አለ። ስምረት የምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየች። በመጨረሻ ኢዲል ትምህርቷን እንድትጨርስ፣ ሂሻም እስከዚያ በባቡር እየመጣ እንዲጠይቃት፣ ከዚያ ሠርጉ ተደርጎ ጅቡቲ እንድትገባ ተስማሙ። ሆዳን ይሄን ስትሰማ አላለቀሰችም። የምንጣፉን ክር አንድ በአንድ ትመዝዝ ነበር።

አየዮ ሃዎ እጃቸውን አጠገባቸው ካለው ዘንቢል ከተቱና የዓርቡ ውሃ ያለበትን የብር መርጫ አወጡ። አዴር አዩትና እንደገና ሳቁ።

«ነገሩ አልቋል፤ አሁን ነው ጊዜው» አሉ አየዮ። «በይ ስምረት፣ ያንቺው ነው። ዙሪ።»

ስምረት መርጫውን ተቀበለች። አንዲት ጠብታ አንጓዋ ላይ አድርጋ አሸተተች። የሎሚው ጩኸት ጠፍቷል፤ ጽጌረዳውና ሰንደሉ ተዋውቀው ረግተዋል። ከዓርቡ ይበልጣል። ከዚህ በፊት ከሠራችው ሁሉ ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ መዳፋቸውን ሲከፍቱ፣ ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉ፣ «ይሄን የቀመመው ማነው?» ሲሉ ለማየት ምን ያህል እንደጓጓች የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ተነሣች። ወደ አዴር አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ዞር ስትል ሆዳን ከምንጣፉ ጫፍ ሆና መርጫውን ታያለች። እጆቿ ክሩን ለቀውታል።

ስምረት ተመልሳ መርጫውን ሆዳን ጭን ላይ አስቀመጠችው። ራሷም አጠገቧ ተቀመጠች።

ሆዳን ለረጅም ጊዜ አልነካችውም። ከዚያ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ከማን ልጀምር?» አለች፤ ከማንም በላይ የምታውቀውን።

«ከአዴር» አለች ስምረት። «ቅድሚያ ግን ወዝውዢው።»

ሆዳን መርጫውን ወዝወዝ አደረገችና ተነሣች።